ከካስክ ሥር የማያቸው ግንባሮች፦ ብጉርን ቤት ውስጥ እንዴት እንያዘው?

ሰው ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ከፀጉሩ በፊት የማየው ግንባሩን ነው። የሥራ ልማድ ሆኖብኛል። ጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ሹሩባ ስሠራ፣ ቢጎዲን ስጠቀልል፣ ሰው ካስክ ሥር ሳስቀምጥ 14 ዓመት ሞላኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከፀጉር ቀጥሎ አብዝቼ የተጠየቅኩት ስለ ብጉር ነው። "እትዬ፣ ይሄን ነገር ምን ላድርገው?" ይሉኛል የዩኒቨርሲቲ ልጆች። እትዬ ሲሉኝ ዕድሜዬ ትዝ ይለኛል። ምን ላድርግ፣ ለምጄዋለሁ።

ሐኪም አይደለሁም። የማውቀውን ያገኘሁት ከራሴ ፊት፣ ካከመኝ የቆዳ ሐኪምና በየቀኑ ከምዳስሳቸው ግንባሮች ነው። በተለይ ከራሴ ፊት። እሱ ውድ ትምህርት ነበር።

19 ዓመቴ ላይ ጉንጬና አገጬ በብጉር ተሞላ። ያን ጊዜ ብጉር ያወጣች ልጅ "ማንን አፈቀርሽ?" እየተባለች ይሳቅባት ነበር። እኔ ማንንም አላፈቀርኩም፤ ቢያንስ በብጉሩ ልክ አላፈቀርኩም። አንዲት ሻጭ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ። "ፊት የሚያጠራ" አለችኝ። በሳምንቱ ብጉሩ ከሰመ። ፊቴ እንደ ብርጭቆ ጠራ። እናቴ ሳትቀር "ምን ተቀባሽ?" አለችኝ። ሁለተኛ ብልቃጥ ገዛሁ፣ ሦስተኛም ገዛሁ። ከዚያ ገንዘብ አጠረኝና አቆምኩ። በአሥር ቀን ውስጥ ፊቴ ነደደ። ቀላ፣ አሳከከኝ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መልክና መጠን ያላቸው ትናንሽ ብጉሮች ከጉንጭ እስከ አንገት ወረሩኝ። ሻሽ ፊቴ ላይ ጠምጥሜ ነበር ሆስፒታል የሄድኩት።

ሐኪሙ ታሪኬን ሰምቶ ብልቃጡን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ውስጡ ያለው ስቴሮይድ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። ስቴሮይድ የቆዳ መቆጣትን ያበርዳል። ኤክዜማ የሚባለው የሚያሳክክ የቆዳ ሕመም ለያዘው ሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ቀን ሲቀባ ጥሩ መድኃኒት ነው። ብጉር ያለበት ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያሳያል፣ ፀጉር ያበቅላል፣ የራሱን ብጉር ያመጣል። ሲቆም ደግሞ ፊቱ ይቆጣል። እስክድን አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ይሄን ሁሉ ያወራሁት ለምን መሰላችሁ? ቶሎ የሚያድን ነገር ስታዩ ደስ ከማለታችሁ በፊት ፍሩ። እውነተኛው የብጉር ሕክምና ዘገምተኛ ነው።

የተዘጋ ቱቦ

ብጉር እንዴት እንደሚፈጠር ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ወዲያው የገባኝ በሥራዬ ምክንያት ነው። የፀጉር ማጠቢያዬ ቱቦ በየጊዜው ይዘጋል። የሚዘጋው በቆሻሻ አይደለም፤ በፀጉርና በቅባት ነው። የፊት ቆዳም ላይ እያንዳንዷ የፀጉር ቀዳዳ ወዝ የሚያመነጭ እጢ አላት። በጉርምስና ጊዜ ሆርሞን ሲጨምር ወዙ ይበዛል። የሞተ ቆዳ ከወዙ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳዋን ይደፍናታል። ከሥር ወዝ ይጠራቀማል። በማንኛውም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ይራባል። ሰውነት ሲቆጣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል።

ስለዚህ ብጉር ያለበት ሰው ቆሻሻ አይደለም። አፍንጫ ላይ የምናያት ጥቁር ነጥብ እንኳ እድፍ አይደለችም። ድፍኑ አየር ሲያገኘው ነው የሚጠቁረው። ፊትን በሻካራ ጨርቅ ማሸት ቱቦውን በውጭ በኩል እንደመወልወል ነው። ቱቦው አይከፈትም፣ ቆዳው ግን ይቆስላል።

መጀመሪያ ግንባርን ከፀጉር አለያዩ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ሌላው ሰው የማይነግራችሁ ነገር ይሄ ነውና።

ብጉሩ ግንባር ላይ፣ በፀጉሩ መብቀያ ዳርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ብቻ ተሰልፎ ካየሁ የምጠይቀው ስለ ፊት ሳሙና አይደለም። "ፀጉርሽን ምን ትቀቢዋለሽ?" ነው የምላት። መልሱ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ የፀጉር ቅባት፣ ቫዝሊን፣ ዘይት፣ ለበዓል ሰሞን ደግሞ ለጋ ቅቤ። ቅባቱ በሙቀት ይቀልጣል። ካስክ ሥር ሆነሽ ሲወርድ በዓይኔ አያለሁ። ሌሊት ትራስ ይጠጣዋል፣ ጉንጭ ከትራስ ላይ መልሶ ይቀበለዋል።

አንዲት የጤና ተማሪ ነበረች። ግንባሯ ብቻ በትናንሽ ጠጣር እብጠቶች ተሞልቷል፤ ጉንጯ እንደ ሕፃን ነው። ለፊቷ ሦስት ዓይነት ክሬም ገዝታለች። ክሬሞቹን አስተውኳት፤ የቀየርነው የቅባት አቀባቡን ብቻ ነው። በሁለት ወሯ ግንባሯ ለሰለሰ። እሷ እኮ ነች የጤና ተማሪዋ! እስካሁን ስንገናኝ እንሳሳቃለን።

የማደርገውን ልንገራችሁ። ቅባት ሲቀባ ከመሐል አናት ይጀመራል፤ ከግንባሩ መስመር ሁለት ጣት ሲቀር ይቆማል። እዚያ ዳር ላይ ያለችው ለስላሳ ፀጉር እጅ ላይ የተረፈው ይበቃታል። ተቀብቶ ሲያበቃ ግንባርን፣ የጆሮ ግንድን፣ ማጅራትን በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ። ለመኝታ ሻሽ ማሰር፤ ሻሹ ግን ወደ ግንባር መሐል አይውረድ። ሻሹም የትራስ ልብሱም በሳምንት አንዴ፣ ቢቻል ሁለቴ ይታጠብ። ፀጉር ስትታጠቡ ሻምፖውና ኮንዲሽነሩ ፊት ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ፊትን መጨረሻ ላይ ታጠቡ።

ሂጃብ የሚለብሱ ደንበኞቼ ከሥር የሚያስሩት የፀጉር መያዣ አለ። ላብና ቅባት የሚይዘው እሱ ነው። ሦስት አራት አድርጎ መግዛትና ማፈራረቅ ትልቅ ለውጥ አለው። ጥጥ ይሁን። የሞተር ሄልሜት የሚያጠልቁ ወንድሞችም አገጫቸውን የሚነካውን ስፖንጅ ይጥረጉ።

ቅቤን ተዉ አላልኩም። ቅቤ ተቀብቶ ቡና ላይ መቀመጥን የሚያህል ነገር የለም። ግን አድሮ ይታጠብ፣ ግንባር ላይ አይውረድ።

ወንዶችን በአጭሩ፦ ማጅራት ላይና አገጭ ሥር የሚወጣው እብጠት ብዙ ጊዜ ብጉር ሳይሆን ከመላጨት የሚመጣ ነው። የእኛ ፀጉር ጠመዝማዛ ስለሆነ ሥሩ ድረስ ሲላጭ ጫፉ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። "ዜሮ አድርገው" ማለታችሁን ትታችሁ ትንሽ አስተርፉ። ማጅራት ላይ እየጠጠረ የሚያድግ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው፤ ቶሎ ካልተያዘ እንደ ጠባሳ ይቀራል።

ጠዋትና ማታ

ፊት በቀን ሁለት ጊዜ ይታጠባል። ብዙ ካላባችሁ ሦስተኛ ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ መታጠብ ፊትን አድርቆ ያስቆጣል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ከጀሪካን አንድ ጆግ ይበቃል፤ ይሄ ቅንጦት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ሳሙናው ለስላሳና ሽታው ያልበዛ ይሁን። የልብስ ሳሙና አይሆንም። "ጀርም ገዳይ" የሚባሉት ኃይለኛ ሳሙናዎችም ለፊት አይሆኑም። ሳሙናው ጥሩ መሆኑን የምታውቁት ከታጠባችሁ በኋላ ነው፤ ፊታችሁ ከተወጠረባችሁ ከባድ ነው ማለት ነው።

በጣት ጫፍ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል አሹት። ስታደርቁ አትፈትጉ፤ ፎጣውን እየጫናችሁ አንሱ። ፎጣው የራሳችሁ ብቻ ይሁን። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ፎጣ ፊቱን የሚጠርግበትን ነገር ብንተወው ለብጉር ብቻ ሳይሆን ለዓይን ሕመምም ይጠቅመናል።

ቀጥሎ ማለስለሻ። "ፊቴ ወዛም ነው፣ ለምን እቀባለሁ?" የሚል ብዙ ነው። የብጉር መድኃኒቶች ያደርቃሉ። ማለስለሻ የሌለው ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊቱ ሲላጥ መድኃኒቱን ይጥላል። ቀለል ያለ፣ ውሃማ ሎሽን ፈልጉ። ዕቃው ላይ ኖን ኮሜዶጄኒክ የሚል ካለ ቀዳዳ እንዳይደፍን ታስቦ የተሠራ ነው።

ጠዋት ላይ የመጨረሻው ፀሐይ መከላከያ ነው፤ ዕቃው ላይ የተጻፈው ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ። ጅማ ላይ ይሄን ስናገር ይሳቅብኛል። "የምን ፀሐይ? ዝናቡ መች ለቀቀን!" ይሉኛል። ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ጨረሩ ደመናን ያልፋል። ብጉር ጥሎት የሚሄደውን ጥቁር ነጥብ የሚያደምቀው እሱ ነው። ሰንስክሪን ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም በየወሩ አልገዛም። ካልተቻለ ጃንጥላ። መቼም የጅማ ሰው ጃንጥላ አይለየው። ዝናቡ ሲያባራ አትጠፉት ሳይሆን አታጥፉት፣ በቃ።

መድኃኒቱ

ከፋርማሲ ግዙ። ስሙን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፣ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፤ ያልተከፈተና ጽሑፍ ያለበት ይሁን። አንዱ ፋርማሲ ከሌለው ሌላው ይኖረዋል፤ በባጃጅ ሁለት ሦስት ቦታ መዞር ሊኖርባችሁ ይችላል። "ተመሳሳይ ነው" ተብሎ ሌላ ነገር ሲሰጣችሁ ግን ስቴሮይድ እንዳለው ጠይቁ። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታሶን የሚሉ ስሞች ካያችሁ ለብጉር አይደለም፤ መልሱት።

ለጀማሪ ሁለት መድኃኒቶች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ነው። ባክቴሪያውን ይገድላል፣ የቀላውንና መግል የያዘውን ብጉር ይቀንሳል። በ2.5 ወይም በ5 ፐርሰንት ጀምሩ። 10 ፐርሰንቱ የበለጠ ያቃጥላል እንጂ ያን ያህል የበለጠ አያድንም። ጠዋት ፊት ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። አንድ ጠባይ አለው፦ ጨርቅ ያነጣል። አንድ ውድ ሰማያዊ ሻሽ አበላሽቶብኛል። ነጭ ፎጣና ነጭ የትራስ ልብስ ተጠቀሙ። ታዲያ አንዲት ልጅ ይሄን ሰምታ "እትዬ፣ ያው ፐሮክሳይድ አይደል?" ብላ ከፀጉር ቀለም ጋር የምቀላቅለውን ጠርሙስ አነሳች። እሱ ሌላ ነው! ፊት ያቃጥላል። በስም ዘመድ ናቸው፣ በሥራ አይገናኙም።

ሁለተኛው አዳፓሊን ነው፣ 0.1 ፐርሰንት። ቱቦውን የሚከፍተው እሱ ነው። ማታ ይቀባል። ለሙሉ ፊት የሽምብራ ፍሬ ያህል ብቻ። ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጭ፣ አገጭ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ ዘርጉት። ዓይን አካባቢን፣ የአፍንጫ ጥግንና የከንፈር ጥግን ዝለሉ። የወጣችው ብጉር ላይ ብቻ ማድረግ ትርጉም የለውም፤ ሥራው ገና ያልወጣችውን መከልከል ነው። ፊት ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ቀቡ፣ እርጥብ ፊት ላይ ይቆጠቁጣል። መጀመሪያ በየሦስት ቀኑ፣ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለሉ፣ ፊቱ ሲለምደው በየማታው። ቆዳችሁ ስስ ከሆነ ቀድማችሁ ማለስለሻውን ቀቡና እሱን ከላይ ደርቡ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ሊላጥና ሊደርቅ ይችላል። ብጉሩም ለጊዜው የባሰ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው። ለውጡ በደንብ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አሁን ስትጀምሩ ጥቅምት ከሆነ የምትፈርዱት ጥር ላይ ነው።

ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች አዳፓሊንንም ዘመዱን ትሬቲኖይንንም አትቀባ። ለእሷ አዜላይክ አሲድ አለ። ከተገኘ ለሁሉም ጥሩ ነው፤ ብጉሩንም፣ ብጉር ጥሎት የሚሄደውን ጥቁር ነጥብም አብሮ ይይዛል። አፍንጫ ላይ እንደምናያት ያለ ጥቃቅን ጥቁር ድፍን ብቻ ላለበት ሰው ደግሞ እስከ 2 ፐርሰንት ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው መታጠቢያ ሊበቃው ይችላል።

ስለ አንቲባዮቲክ። ክሊንዳማይሲን የሚቀባ አለ። ብቻውን ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ባክቴሪያው ይለምደዋል። ስለዚህ ከቤንዞይል ፐሮክሳይድ ጋር አብሮ ነው የሚታዘዘው። የሚዋጠው ዶክሲሳይክሊን የሐኪም ሥራ ነው። የአጎት ልጅ ካስተረፈው ኪኒን አይዋጥም። ሐኪም ካዘዘላችሁም በብዙ ውሃ ዋጡት፣ ውጣችሁ ወዲያው አትተኙ፤ ጉሮሮ ያቆስላል። ፀሐይም ላይ ቶሎ ያቃጥላል። እርጉዝ አትወስደውም። አይሶትሬቲኖይን የሚባለው ጠንካራው ኪኒን ደግሞ ጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። የቆዳ ሐኪም ሳይከታተል በፍጹም አይነካም። "ጓደኛዬ ከውጭ ላከችልኝ" ብላ ያሳየችኝ አለች። ደንግጬ የያዝኩት ማበጠሪያ ከእጄ ወደቀ።

ከጓዳ የሚመጣው

ሎሚ አትቀቡ። አሲዱ ኃይለኛ ነው፤ ያቃጥላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ ያሰረች ልጅ ጉንጯ ላይ እንደ እሳት ቃጠሎ ሆኖ አይቻለሁ። የጥርስ ሳሙና ያደርቃል፣ ያስቆጣል። ለጥርስ ነው የተሠራው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የቡና አተላ ነው። የቡና አገር ሰዎች ነን መቼስ! ሦስተኛው በረካ ሲያልቅ አተላውን ከማር ጋር ለውሶ ፊት ማሸት አሁን ፋሽን ሆኗል። ለክርንና ለተረከዝ እሺ። ብጉር ያለበት ፊት ላይ ግን አሸዋ ነው፤ የበሰለውን ያፈነዳል፣ ያልቀላውን ያቀላል። የጅማ ማር ለብቻው ፊት ላይ ለደቂቃዎች ቢቀመጥ አይጎዳችሁም። እኔ ግን ለዳቦ ነው የማስቀምጠው። እሬትም የተቆጣ ፊት ሊያበርድ ይችላል። ቢጫውን መራራ ፈሳሽ አንጠፍጥፋችሁ መሐሉን ግልጹን ክፍል ተጠቀሙ፤ መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት። የብጉር መድኃኒት ነው ብላችሁ ግን አትጠብቁት።

ማፍረጥ። አውቃለሁ፣ እጅ አያርፍም። ካስክ ሥር ተቀምጠው መስታወት እያዩ የሚጫኑ ስንቶቹን እጃቸውን መትቻለሁ። ስትጫኑት ግማሹ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይፈነዳል። የአምስት ቀን ብጉር የአምስት ወር ምልክት የሚሆነው እንዲህ ነው። ትልቅና የሚያም ከወጣባችሁ ንጹሕ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ ጨምቃችሁ አሥር ደቂቃ ያዙበት። ቆዳ የሚያቃጥል ሙቀት አይሁን። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ስታደርጉት ሕመሙ ይቀንሳል።

የሚቀረው ጥቁር ነጥብ

በእኛ ቆዳ ላይ ከብጉሩ ይልቅ የሚያስለቅሰው ምልክቱ ነው። ቆዳችን ሲቆጣ ቀለም ያመርታል። ብጉሩ ሄዶም ጥቁሩ ይቀራል። ጠባሳ ግን አይደለም። ጣታችሁን አሳልፉበት፤ ለስላሳ ከሆነ ቀለም ብቻ ነው፣ ይለቃል። ወራት ይፈጃል እንጂ ይለቃል። ጎድጎድ ያለ ወይም ያበጠ ከሆነ እሱ ጠባሳ ነው፤ የሐኪም እጅ ይፈልጋል።

ጥቁሩ ነጥብ ቶሎ እንዲለቅ የሚያደርገው አዲስ ብጉር እንዳይወጣ ማድረግና ከፀሐይ መከለል ነው። አዳፓሊንና አዜላይክ አሲድም ያግዛሉ። ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነውና ወደ ማንጫ ክሬም ይሮጣል። አንዳንዱ ማንጫ ስቴሮይድ፣ አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ገበያ ላይ የሚቀላቀለውን ውስጡን ማን ያውቀዋል?

አንድ ነገር ለዩልኝ። ጉንጭና የላይኛው ከንፈር ላይ ተንጣልሎ የሚታየው ቡናማ ነገር ማድያት ነው። ነጣ ነጣ ብሎ የሚታየው ደግሞ ቋቁቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የብጉር ምልክት አይደሉም፣ ሕክምናቸውም ሌላ ነው። ስቴሮይድ ለወራት ስትቀቡ የነበራችሁ ደግሞ አፍራችሁ አትደበቁ። ክሬሙን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ሲቆም የሚነሳውን ቁጣ ለብቻችሁ አትችሉትም።

ምግብን በተመለከተ

አጭር ነው። ስኳር የበዛበት ምግብና ለስላሳ መጠጥ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ወተት፣ ብጉር ሊያባብስ ይችላል። ቀንሳችሁ እዩት። በሽሮና በዶሮ ወጥ ላይ ጣት አልቀስርም። ቡናም እንዳትተዉ፤ ሦስት ስኒ ላይ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የምትጨምሩ ግን ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ሐኪም መቼ?

እንደ እንክብል የጠጠረና የሚያም እብጠት ከቆዳው ሥር ካለ፣ ጠባሳ መተው ከጀመረ ሦስት ወር አትጠብቁ። ጠባሳ ከተፈጠረ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው። የወር አበባዋ የሚዛባና አገጯ ላይ ፀጉር የሚበቅል ሴት የሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋታል። አዲስ ኪኒን ከጀመራችሁ በኋላ በድንገት የወጣም ይነገር። ከላይ የጻፍኩትን በትክክል ለ12 ሳምንት አድርጋችሁ ለውጥ ካላያችሁም ሂዱ። ብጉሩ ከቤት መውጣት ካስጠላችሁ፣ ፎቶ ማየት ካስለቀሳችሁ፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም በቂ ምክንያት ነው። እኔ ያን ጊዜ ሁለት ወር ሠርግ አልሄድኩም።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ፊታችሁን ሳትቀቡ፣ እስካሁን የተጠቀማችሁባቸውን ዕቃዎች ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ባዶውን ብልቃጥ ጭምር።

ፎቶ አንሡ

መስታወት ያታልላል። በየቀኑ ስለምታዩት ለውጡ አይታያችሁም። ስትጀምሩ አንድ ፎቶ፣ ከዚያ በየአራት ሳምንቱ አንድ፤ ያው ቦታ፣ ያው የመስኮት ብርሃን፣ ምንም ማሳመሪያ ሳይነካው።

አንዲት ደንበኛዬ ባለፈው ዓመት ገና ሲያልፍ ጀመረች። በአምስተኛው ሳምንት መጥታ "ምንም አልሠራም፣ ልተወው ነው" አለችኝ። ስልኳን አስከፈትኳትና የመጀመሪያውን ፎቶ ከዕለቱ ጋር ጎን ለጎን አደረግነው። ዝም አለች። ጉንጯ ላይ የነበሩት ቀያይ ብጉሮች በግማሽ ያህል ቀንሰዋል። ጥቁሩ ነጥብ እንዳለ ነው። እሱን ተናድዳበት ነው ለካ ብጉሩ መቀነሱ ያልታያት። ቀጠለች።

ለፋሲካ ዋዜማ ተመልሳ መጣች። በላስቲክ የታሰረ ለጋ ቅቤ ከቦርሳዋ አወጣች። "እትዬ፣ ዛሬስ ትቀቢኛለሽ አይደል? ለዓመት በዓል ነው እኮ" አለችኝ። ቀባኋት፤ ከግንባሯ ሁለት ጣት አርቄ።